ጋሼ ቴምብርና የመርከቦቹ አልበም

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጋሼ ቴምብር በሚለው ስም ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፖስታ ቤት ውስጥ፣ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመቱ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ ቀኝ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል። ቴምብር ይሰበስባሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ግን አይደለም። አበባም ወፍም አይማርካቸውም። የሳቸው ነገር መርከብና ወንዝ ነው፦ ሸራ የወጠረ ጀልባ፣ ጭስ የሚተፋ የእንፋሎት መርከብ፣ ግድብ፣ ወደብ፣ ድልድይ። አንዱን ቴምብር በወረንጦ አንስተው በአጉሊ መነጽር ማየት ከጀመሩ ምሳ ቢቀርብም አይሰሙም።

ጉዱ ግን ይህን ሁሉ መርከብ ሰብስበው አንድ ጊዜ እንኳ መርከብ ላይ ወጥተው አያውቁም። በወጣትነታቸው የተሳፈሩባት የመሻገሪያ ጀልባ መሃል ወንዝ ላይ በአንድ ጎኗ ዘመም አለች። ሰው ሁሉ ጮኸ። ጀልባዋ ወዲያው ተስተካከለች፤ የሳቸው ልብ ግን ሳይስተካከል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወንዙን የሚሻገሩት በድልድይ ነው፤ ያውም መሃሉን ይዘው፣ ወደ ጎን ሳያዩ።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ፊደል የቆጠረችው በአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ቴምብሮቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበች ነው። አድጋ መካኒክ ስትሆን ታዲያ የት ተቀጠረች? ደለል ጠራጊዋ መርከብ ላይ! ወንዙ በየክረምቱ ከተማውን እያጥለቀለቀ ስላስቸገረ፣ ከከተማው በላይ ውሃውን የሚቀለብስ አዲስ ቦይ ተቆፍሮ በአፉ ላይ ትልልቅ የብረት በሮች ተተክለው ነበር። ደለል ጠራጊዋ ከወንዙ ሆድ ጭቃውን እየመጠጠች በረጅም ቧንቧ ወደ ዳር ትተፋለች። ሥራው ሲጀመር የመታሰቢያ ቴምብር ወጣ፤ በላዩ ላይ የተሳለችውም እሷው ናት፣ ቧንቧዋን እንደ ጅራት ዘርግታ። ጋሼ ቴምብር አንድ ሙሉ ሉህ ሳይቆራረጥ ገዝተው አልበማቸው ውስጥ አስቀመጡ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልበሙ ይወጣል። “ይቺ የልጄ መርከብ ናት፤ ሞተሯ የሚነሳው በልጄ እጅ ነው” ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ልጅቱን ቅር የሚላትም ይኸው ነበር።

“አባዬ፣ ሥዕሏን ለአገር ምድሩ ታሳያለህ፤ እኔን ግን አንድ ቀን መጥተህ አላየኸኝም” አለቻቸው አንድ ቀን።

“ምን ላድርግ ልጄ፣ ይሄ ጉልበቴ…”

ቦዩ ሲመረቅ የሠራተኛ ቤተሰብ ሁሉ ተጋብዞ ሳለ እሳቸውን ጉልበታቸውን አመማቸው። በሌላ ጊዜ ስትጠራቸው ደግሞ ሆዳቸውን። እናቲቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ምላሳቸው ከመርፌያቸው አይተናነስም። “የዚህ ሰው በሽታ ወንዝ ሲጠራ ብቻ ነው የሚነሳበት” ይላሉ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ አላባራ አለ። አንድ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈች በሰፈሩ አለፈች። ውሃ ያመጣው ግንድ የቦዩ በሮች ላይ ስለተጋደመ በሮቹ አልከፈት ብለዋል፤ ወንዙም እየሞላ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይውጣ አለች። ጎረቤቱ ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ጋሼ ቴምብር ግን የቴምብር ካርቶኖቻቸውን አንድ በአንድ ቁም ሣጥን ላይ መስቀል ያዙ።

“አንተ ሰውዬ፣ ነፍስህን ነው ወይስ ወረቀትህን ነው የምታድነው?” አሉ ሚስታቸው፣ ጨርቃቸውን ቋጥረው በር ላይ ቆመው።

“መጣሁ፣ መጣሁ።”

መጣሁ ሲሉ ውሃው ቀደማቸው። በሩን ሲከፍቱ መንገዱ መንገድ አልነበረም፤ ቡናማ ጎርፍ የቆሻሻ ማጠራቀሚያና የሰው ወንበር እያገላበጠ ይወርዳል። የነበራቸው ምርጫ ከውጭ በኩል ወደ ፎቁ የሚያስወጣውን ደረጃ መውጣት ብቻ ነበር። ወጡና፣ የፎቁ ተከራዮች በሩን ቆልፈው ሄደው ስለነበር፣ ከላይኛው እርከን ላይ ተቀመጡ፤ እናቲቱ ቋጠሮአቸውን፣ ጋሼ ቴምብር ትልቁን አልበም በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ታቅፈው። ውሃው የደረጃውን እርከኖች እየዋጠ ወደ ላይ ይመጣል። እናቲቱ ዝም ማለታቸው ጋሼ ቴምብርን ከውሃው ይልቅ አስፈራቸው።

“እዚያ የቦዩ በር ላይ ያለችው ልጃችን ትሆን?” አሉ እናቲቱ በመጨረሻ። ግንዱን የሚያነሱት የደለል ጠራጊዋ ሠራተኞች እንደሆኑ ሁለቱም ያውቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ የጋሼ ቴምብርንም ልብ የያዘው ይኸው ሐሳብ ነበር፤ አፍ አውጥተው ለመናገር ግን አልደፈሩም።

ወዲያው ከመንገዱ መታጠፊያ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ትንሿ ጎታች ጀልባ ናት፤ ሌላ ጊዜ ለደለል ጠራጊዋ ዕቃ የምታመላልሰው። ነጂው ሰው ሁሉ “ረጋ በሉ” ብሎ የሚጠራው ሰው ነው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ከፊት ገመድ ይዛ የቆመችው ደግሞ ራስዋ ልጃቸው ናት፣ ከእግር እስከ ራስዋ ጭቃ ለብሳ፣ ብርቱካን ቀለም ያለው የነፍስ አድን ጃኬት አድርጋ።

“እማዬ! አባዬ! ትምህርት ቤት አልደረሱም ሲሉኝ ከበሩ ላይ መጣሁ!”

“አለች! አለች!” ብለው እናቲቱ ተነሱ። ጀልባዋ ደረጃውን ተጠግታ ቆመች። እናቲቱ እንደ ወጣት ዘለው ገቡ። ጋሼ ቴምብር ግን የደረጃውን መደገፊያ ሙጭጭ አድርገው ያዙ። ጉልበታቸው አሁን የምር ተንቀጠቀጠ።

“ሌላ ጀልባ ካለ… እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።”

“ረጋ በሉ ጋሼ፤ ረጋ ብለው አንድ እግርዎን ብቻ ያንሱ” አለ ነጂው።

ልጅቱ አልተቆጣችም። ገመዱን መደገፊያው ላይ አስራ፣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ ሌላውን ጀልባዋ ላይ አድርጋ እጇን ዘረጋች። “አባዬ፣ ውሃውን ተወው። እኔን ብቻ እየኝ። አልበሙን ስጠኝና…”

ቃሏን አልጨረሰችም። ከላይ የመጣ በርሜል የጀልባዋን ጎን ገጨው። ጀልባዋ ከደረጃው ፈቀቅ አለች፤ ልጅቱም በመሃሉ ቁልቁል ወደ ውሃው ገባች። ጃኬቱ ወዲያው ብቅ አደረጋት፤ ግን ጎርፉ ወስዶ ከደረጃው ሥር ሊወሽቃት ሆነ።

ጋሼ ቴምብር አልበሙን ለቀቁት። ሲለቁት ማንም አላየም፤ እሳቸውም አላወቁም። እርከኖቹን ወርደው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገቡ፤ በግራ እጃቸው መደገፊያውን፣ ያን ሁሉ ዘመን ማኅተም በመታው ቀኝ እጃቸው ደግሞ የጃኬቷን ማሰሪያ ጨበጡ። “ያዝኩሽ! ያዝኩሽ ልጄ! አለሁ!” እያሉ ጎተቱ። ነጂው ሞተሩን አስጓርቶ ጀልባዋን መለሰ፤ እናቲቱ ከላይ የልጃቸውን ክንድ ያዙ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ልጅቱ ጀልባዋ ውስጥ ወደቀች። ጋሼ ቴምብርም ማሰሪያውን አለቅም ስላሉ አብረው ተጎትተው ገቡ።

ልጅቱ ሳለች፣ ውሃ ተፋች፣ ከዚያ ሳቀች። አባቷ ፀጉሯን፣ ፊቷን፣ ክንዷን ይዳብሳሉ።

“ደህና ነሽ? ራስሽን መታሽ? እጅሽን አንቀሳቅሺ እስቲ።”

“ደህና ነኝ አባዬ። አንተስ?”

“እኔማ ምን እሆናለሁ!” አሉና ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉ። ውሃው በግራም በቀኝም ይሮጣል፤ ከሥራቸው እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። “ውይ! ጀልባ ላይ ነኝ እንዴ?”

ረጋ በሉ እንኳ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለውን ረጅም እንጨት አንስቶ፣ አጥር ላይ ተሰክቶ የነበረውን የላስቲክ ከረጢት ጎትቶ አወጣ። አልበሙ ውሃ ጠጥቶ አብጧል።

“ወይኔ አልበምህ!” አሉ እናቲቱ።

“ተይው እሱን። ደረቅ ልብስ ካለሽ ለልጅቷ ስጫት።”

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጎረቤቶች ጋር አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ልጅቱ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ፣ እግሯ ከሥር ወጥቶ፣ ሻይ በሁለት እጇ ይዛ ከተቀመጠች በኋላ ነው ጋሼ ቴምብር ወደ አልበሙ ዞር ያሉት። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በሳህን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ።

“ደግሞ ውሃ? እስካሁን የጠጣው አይበቃውም?” አሉ እናቲቱ።

“ያገለገለ ቴምብር ከፖስታው ላይ የሚነቀለው በውሃ አይደል? የለመደው ነገር ነው። ጥፋቱ እርጥብ ሆኖ ተጣብቆ ቢደርቅ ነበር።”

ገጽ ገጹን እየነከሩ አላቀቁ። ጎረቤቶች ፎጣ አዋሷቸው፤ እናቲቱ ቴምብሮቹን መርፌ በለመዱ ጣቶቻቸው የጠርዛቸውን አንድ ጥርስ እንኳ ሳይሰብሩ እያነሱ በየጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። መርከቦቹ አንድ በአንድ ወጡ። ቀለማቸው የፈሰሰ አሉ፤ የሚወዷት አንዲት ባለሸራ ጀልባ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆና ቀረች። አብዛኞቹ ግን ደህና ናቸው። የደለል ጠራጊዋ ሉህ ከገጹ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሁለት ቦታ ተቀደደ።

“ሙጫው ሄደ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤ ላይ አይለጠፍም” አሉ ልጃቸውን እያዩ። “መርከቧ ግን አለች። አንቺም አለሽ።”

ልጅቱ ወደሳቸው ተጠጋችና ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። “አባዬ፣ የውሃው ጉልበት እንደዚያ ሆኖ እንዴት ወረድክ?”

“እኔ እንጃ። ውሃውን አላየሁትም።”

ከሰዓት በኋላ ረጋ በሉ ጭቃ የሞላ ቦቲውን እየጎተተ በሩ ላይ ብቅ አለ። “ግንዱ ወጣ! በሮቹ ተከፈቱ! ቦዩ ውሃውን እየወሰደው ነው!” ብሎ ጮኸ። ያ ሰው ሲጮህ የሰማ የለምና መጀመሪያ ሁሉም ደነገጠ፤ ከዚያ ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ልጅቱ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። እናቲቱ ጀርባዋን እያሹ፣ “በቃ፣ በቃ፣ አለፈ” አሏት። ጋሼ ቴምብር ወደ መስኮቱ ሄደው ወደ ታች ሲያዩ የአጥሮቹ ጫፍ መታየት ጀምሯል።

በማግስቱ ወደ ቤት ተመለሱ። ውሃው ግድግዳው ላይ ምልክቱን ትቶ ሄዷል፤ ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀሉት ካርቶኖች ደረቅ ናቸው፤ ወለሉ ግን ጭቃ ብቻ ነው። ልጅቱ አካፋ አነሳች። ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበርና ትንሽ እንደሠራች የእናቷ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ጋደም አለች፤ ጋደም እንዳለችም ጭልጥ አለች።

እናቲቱ ብርድ ልብስ ደረቡላት። ጋሼ ቴምብር ወንበር ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከወዲያ ማዶ ጎረቤታቸው አካፋውን ሲሚንቶው ላይ ሲፍቅ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ብድግ አሉ።

“ቀስ በል ወንድሜ፣ ልጅ ተኝታለች።”

“ልጅ? የትኛዋ ልጅ?” አለ ጎረቤቱ፤ በዚያ ቤት ሕፃን እንደሌለ ያውቃል።

“የእኔዋ ናታ!” አሉ። ጎረቤቱም ፈገግ ብሎ አካፋውን አስቀመጠና ጭቃውን በመጥረጊያ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይገፋው ጀመር።