በረጅሙ እስኪጮህ

ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልላ በብብቷ እንደያዘች የኤሌክትሮኒክስ ሱቁን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ሻጩ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም።

«ተጫንሽው?»

«አልተጫንኩትም! መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ንገረኝ።»

ፎቶ አንሺ ናት። የሠርግ ቪዲዮዎቿን ሁሉ ቤቷ የምታከማቸው ከዚሁ ሱቅ በገዛችው፣ ዲስኮች በተገጠሙበት በዚህ ሣጥን ውስጥ ነው። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሣጥኑ የይለፍ ቃሏን አልቀበልም አለ። ውስጡ የአንዲት ሙሽራ ሠርግ አለ። የሙሽሪት አባት ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ሲስቁ የሚታዩበት ቪዲዮ ይሄው ብቻ ነው። የካሜራውን ካርድ ደግሞ ለቀጣዩ ሠርግ ብላ አጽድታዋለች። ልጅቷ ቪዲዮዋን ልትወስድ ዛሬ ትመጣለች።

«በስልክ ነገርኩሽ እኮ እህቴ። ከኋላው ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብተሽ በረጅሙ እስኪጮህ ተጫኚው። በቃ።»

«መመሪያው ስለ ቀዳዳዋ አንድ ቃል አይልም። አንተ ከየት አወቅህ?»

«ሰው ሲል ሰምቼ ነዋ።»

ደሟ ፈላ። ከሻጩ ጀርባ ያው ዓይነት ሣጥን አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል።

«ያ ያንተ ነው? በል ቅደም፤ በረጅሙ እስኪጮህ ተጫነው!»

«እሱማ… የሱቁ ሒሳብ በሙሉ እዚያ ነው ያለው።»

«አየህ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው!»

ሻጩ አቀረቀረ። እሷ ግን አልለቀቀችውም። የሱን ሣጥን አውርዳ ዲስኮቹን አስወጣችና በምትካቸው ከሱቁ አንድ ባዶ ዲስክ አስገብታ፣ የይለፍ ቃል ሰጥታ አንድ ዘፈን ጫነችበት። ከዚያ መርፌውን ወደ ቀዳዳዋ አስገባች። አጭር ድምፅ ሲሰማ ለቀቀችው። ሣጥኑ ያለ ይለፍ ቃል ተከፈተ፤ ዘፈኑም በቦታው ነበር። ደግማ ተጫነች፤ አሁን እሱ እንዳላት ሳትለቅ ያዘችው። አጭሩ ድምፅ አለፈ፤ ቆይቶ ሣጥኑ በረጅሙ ጮኸ፤ መብራቱም ቀላ። ሲከፍቱት ዘፈኑ የለም።

«ለስንት ሰው ነው እንዲህ ብለህ የነገርከው?»

ሻጩ ዲስኮቹን ወደ ሣጥኑ መመለስ ጀመረ።

መርፌውን ወደ ራሷ ሣጥን ቀዳዳ አስገባች። አጭሩ ድምፅ እንደተሰማ ለቀቀች። ቪዲዮውን በሱቁ ኮምፒውተር ስትከፍተው የሙሽሪት አባት ክራቫታቸው ተንጋዶ ከነሳቃቸው ብቅ አሉ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ንዴቱ ባሰባት። በየቤቱ የስንቱ ሰው አባት በዚያ መርፌ ጠፍቶ ይሆን?

ስልኳ ጠራ። ሙሽሪት ናት።

«ቪዲዮሽ ደህና ነው የኔ እህት። ትንሽ ጠብቂኝ፤ አንድ ሥራ ይቀረኛል።»

ከሻጩ ጠረጴዛ ማርከር አንሥታ ያው ዓይነት ሣጥኖች ለሽያጭ ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ሄደች። በመጀመሪያው ካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ «አጭሩ ድምፅ ላይ ልቀቁ። ረጅሙ ሁሉንም ያጠፋል።»

«ኧረ እህቴ! ገዢ ይፈራል እኮ!»

«ይፍራ!» አለችና ሁለተኛውን ካርቶን ሳበች።