ከፎቶው የወጡት ሦስቱ

ሚጢ በማተሚያ ቤቱ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ፖስተሩንም ባነሩንም በኮምፒውተር የምታዘጋጀው እሷ ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ሚጢ አሏት፣ እሷም ለምዳዋለች።

ሰኞ ጠዋት የሳሙና ፋብሪካው የሠራተኞች ኃላፊ መጣ። ፋብሪካው ሃያኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለሆነ የሠራተኞቹን የጋራ ፎቶ በትልቁ ማሳተም ፈልጓል።

«እነዚህን ሦስቱን ግን አውጪልን» አለ፣ ስክሪኑን በጣቱ እየነካካ። «ያው የውሃ ማፍያው ቦይለር ሲፈነዳ የሞቱት ናቸው። እንግዶች ይመጣሉ፣ በዓል ነው። ሰው እንዳይከፋው ብለን ነው።»

ሚጢ በሁለተኛው ረድፍ ዳር የቆመውን ሰው አየች። የታላቅ እህቷ ባል ነው። ኮቱን ለፎቶው ብሎ ከጎረቤት ተውሶት ነበር፤ እጅጌው ይረዝመዋል። ከተቀበረ አራት ወሩ ነው። እህቷ ካሳ ለመጠየቅ ፋብሪካው በር ላይ ስትመላለስ ከርማ እስካሁን የረባ መልስ የሰጣት የለም።

ኃላፊው ዝምድናቸውን አያውቅም። አለቃዋ ግን ያውቃል። ቀና ብላ ስታየው ዓይኑን ወደ ማተሚያው አሸሸ።

«ሥራ ነው እንግዲህ፣ ሚጢዬ» አለ አለቃዋ፣ ኃላፊው ከወጣ በኋላ። «እኛ እምቢ ብንል ማዶ ያለው ይሠራዋል። በናትሽ አታስቀይሚኝ።»

ምሳ ሳትበላ ተቀመጠች። በሦስቱ ዙሪያ ነጥብ በነጥብ መስመር ሳበች፦ ጆሮ፣ ትከሻ፣ ያ ረጅም እጅጌ። ማስክ የሚባለው ነገር የከበበውን አሳይቶ የቀረውን ይሸፍናልና፣ መስመሩን ስትዘጋው ሌላው ሰው ሁሉ ጠፋ። ሦስቱ ብቻ ባዶ ነጭ ላይ ቆመው ቀሩ። የእህቷ ባል ሊስቅ ሲል ነው የተነሳው። ይህንን እንዳለ አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ማስኩን ገለበጠችው። አንድ ጠቅታ ነው። የጠፉት ተመለሱ፣ በሦስቱ ቦታ የሰው ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ተከፈተ። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ እየቀዳች ደፈነችው። እጇ የተባረከ ነውና፣ ሰው ቆሞበት እንደነበር ምንም አያስታውቅም።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ፎቶውን ተቀበለች።

«ይሄን ኮት እኮ በማግስቱ ነው የመለስኩላቸው» አለች። ፊቷ ፈካ አለ። ቆይታ ግን፣ «ሌሎቹስ የት ሄዱ? ከየት አመጣሽው?»

ሚጢ መዋሸት አልሆነላትም። ነገረቻት።

«እና አወጣሽው?»

«እትዬ፣ እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው...»

«አወጣሽው ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አዎ።»

እህቷ አልጮኸችም። ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ኮምፒውተር ስትማሪ ማን ነበር የከፈለልሽ?» አለች። «በይ ሂጂ።»

ፖስተሩ ሐሙስ ዕለት ፋብሪካው በር ላይ ተሰቀለ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየው፤ ኃላፊውም ሥራው ያማረ ነው ብሎ ለአለቃዋ ደወለ።

እሑድ ሚጢ እህቷ ቤት ተመልሳ ሄደች። ከውስጥ ሳህን ሲታጠብ ይሰማል። ስታንኳኳ ድምፁ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

የእግር ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ። ከዚያ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።