ሦስት እፍኝ አሸዋ

ማዳም ሰው የሚተራመስበት ባሕር ዳርቻ አትወድም። ስለዚህ ልጆቿንና እኔን ሠራተኛዋን ከሪያድ፣ ከዑረይጃ ሰፈር በመኪና ጭና ቀይ ባሕር ዳር ጂዛን አጠገብ ያለች ጭር ያለች የዓሣ አጥማጆች ወደብ ወሰደችን።

«ጸጥታው ደስ አይልም?» አለችኝ።

ወንድሜን ጀብሪልን የበላው ይኸው ባሕር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደኔ ሲመጣ ጀልባው ተገለበጠ። የተረፈ ጓደኛው ነው ደውሎ የነገረኝ። ሬሳው አልተገኘም። ለእናቴ እስከዚያን ቀን አልነገርኳትም ነበር።

በኛ አገር ለሟች ሦስት ሦስት እፍኝ አፈር የሚያለብሱት ወንዶች ናቸው፤ ሴት መቃብር አትወርድም። እዚህ ግን ከኔ በቀር ማን አለው? በቆሙት ጀልባዎች መሀል ተንበርክኬ ሦስት እፍኝ አሸዋ ውሃው ላይ በተንኩ።

ማዳም ከሩቅ አይታኝ ሳቀች። «ባሕሩን ልትደፍኚው ነው? ያላ ነይ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ!»

እኔ ዓሣ አልበላም።

ሪያድ በተመለስን ማግስት እናቴ ከወሎ ደወለች። እንደ ሁልጊዜው፣ «ዘቢባ፣ ወንድምሽን አገኘሽው ወይ?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እየፈለግሁት ነው፣ ኢንሻአላህ» ስላት ኖሬያለሁ።

«አገኘሁት እማዬ» አልኳት። «ቀበርኩት።»