የጋሽ ቀለሃ እሺታ

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ቀለሃ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ ቤት ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሌላው ጡረተኛ ዶሮ ሲያረባ እሱ ያለፉ ጦርነቶች ጥለውት የሄዱትን ብረት መልቀም ጀመረ፤ የመድፍ ቀለሃ፣ የእጅ ቦምብ፣ የሞርታር ቅምቡላ፣ የፈንጂ ቆርቆሮ። ከሳሎን አጠገብ ያለችውን ክፍል እስከ ጣሪያ ድረስ መደርደሪያ ገጥሞባት ሞላት። እንግዳ ሲመጣ በሩን ከፍቶ፣ «አትፍሩ፣ ሁሉም መካኖች ናቸው» ይላል። ባሩዳቸው ወጥቷል፣ ጎናቸው ተበስቷል ማለቱ ነው። ሚስቱ ደግሞ ከኋላው ሆና፣ «እዚህ ቤት የምፈነዳው እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ከሆስፒታል ሲመለስ ከነበረው ቃል ሁሉ አንዲት ብቻ ቀርታለታለች፤ «እሺ»። ውሃ ሲጠማው እሺ ነው፣ ሲያመው እሺ ነው፣ እንቢ ሊል አፉን ሲከፍትም የምትወጣው ያቺው እሺ ናት። ራሱን ልነቅንቅ ቢል አንገቱ ወደፈለገበት ይሄዳል። በግራ እጁ እስክሪብቶ ቢያስይዙት ወረቀቱ ላይ ዶሮ የጫረው የሚመስል ነገር ይቀራል። ጎረቤት፣ «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል!» ብሎ ቀለደ። ሚስቱ አልሳቀችም።

መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ስለሆነና መውጣት ስለማይችል አልጋውን ሳሎን ዘረጉለት። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ ግን ሳሎን ለበሽተኛ አይሆንም፣ የብረቱ ክፍል ይለቀቅ አለች። ክፍሉ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ይገናኛል፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ያስገባል። ብረቱ ይሸጥ ተባለ፤ የድሮ ዕቃ ገማች ተጠራ።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ቀለሃ ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ከአንድ ብረታ ብረት ነጋዴ የሞርታር ቅምቡላ ገዝቷል። ቀለሙ አልተላጠም፣ የጭራው ክንፎች አልተጣመሙም፤ ሲመኘው የኖረው ዓይነት ነበር። ቤት አስገብቶ በብርሃን ሲያገላብጠው ግን ጎኑ ላይ ቀዳዳ የለም፤ አፉ ላይ ያለው ማፈንጃ፣ ፊውዙም እንደታሸገ ነው። ይሄኛው መካን አይደለም። ለፖሊስ ቢናገር ሚስቱ ትሰማለች፤ ሚስቱ ከሰማች ብረቱ ሁሉ በአንድ ቀን ከቤት ይወጣል። ብልሃት እስኪያገኝ ድረስ ብሎ አሸዋ በሞላበት ሣጥን ውስጥ አስተኝቶ ከመደርደሪያው ሥር ገፋው። ብልሃቱ ሳይገኝ በሽታው ቀደመ።

ገማቹ ጨዋ ሰው ነበር። የጨርቅ ጓንቱን አጥልቆ፣ ማጉያ መነጽሩን ይዞ፣ ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ቂጣቸው ላይ የተቀረጸውን ዓመት አነበበ። በሩ ክፍት ስለሆነ ጋሽ ቀለሃ ሁሉንም ይሰማል። ገማቹ ለልጅቷ፣ አባትሽ ባይወለውላቸው ኖሮ የበለጠ ያወጡ ነበር፣ ሰብሳቢ የሚወደው የዘመኑን ወዝ ነው ሲላት፣ ጋሽ ቀለሃ ተናደደና ለአፍታ ፍርሃቱን ረሳው።

ከዚያ ሣጥኑ ወለሉን እየፋቀ ሲወጣ ሰማ።

ቀጥሎ የተሰማው የገማቹ ድምፅ የተደሰተ ሰው ድምፅ ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው አለ፤ ሆኖም ቀዳዳ ስለሌለው ባዶ መሆኑን ከባለቤቱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ አለ።

ልጅቷ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው እንደሌሎቹ ነው አይደል? የመከነ ነው?»

ጋሽ ቀለሃ ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባሰበ። አይደለም የምትለው ቃል አእምሮው ውስጥ ቁልጭ ብላ ትታየዋለች። «እሺ» አለ። ደነገጠ፤ ደገመው። «እሺ! እሺ!» በግራ እጁ የልጁን እጅጌ ጨምድዶ ያዘ።

«እሺ ብሏል» አለች ልጅቷ ወደ ክፍሉ ዞራ።

ሚስቱ ከኩሽና እጇን እየጠረገች ወጣችና ፊቱን አየችው። «ይሄ የደህና እሺ አይደለም» አለች። ልጅቷ ግን፣ እማዬ፣ የሚወደው ዕቃ እየተሸጠበት ምን ይሁን፣ አንጀቱ ተቃጥሎ ነው አለቻት። ነገሩ እውነት ይመስላል። ሚስትም ምን እንደሆነ ማወቅ ስላልቻለች ትራሱን አስተካከለችለት።

ገማቹ ሌላውን በኋላ ሊወስድ ተስማምቶ ቅምቡላውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፎ በአልጋው አጠገብ አለፈ። «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ ለሚያከብረው ሰው ነው የሚደርሰው» አለው። ጋሽ ቀለሃ ሊይዘው ሲንጠራራ ከአልጋ ወደቀ። ሁለቱ ሴቶች አንስተው እስኪያስተኙት መኪናው ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ምግብ እንቢ አለው። ውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስለዋል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ሚስቱ የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ አለች። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

በማግሥቱ ገማቹ ሁለት ፈንጂ አምካኞች አስከትሎ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሱቁ ውስጥ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ቅምቡላው ከባዶው በጣም ከብዶ ተገኘ። ከሱቁ ሮጦ ወጥቶ ደወለ፤ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት፣ ድንጋይ ካባ ውስጥም አፈነዱት። የተጎዳ ሰው የለም። ጋሽ ቀለሃ ይህን ሲሰማ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አንደኛው አምካኝ አልጋው አጠገብ በርከክ ብሎ በአክብሮት ጠየቀው። «አባቴ፣ እዚህ ቤት ሌላ እንደዚያ ያለ አለ?»

አልነበረም። «እሺ» አለ ጋሽ ቀለሃ።

ልጅቷ እያለቀሰች፣ ሌላ ቃል የለውም፣ አለ ማለቱም የለም ማለቱም አይደለም ብላ ለማስረዳት ሞከረች። ሰውየው ገብቶታል። ሆኖም ቤቱ ሳይፈተሽ ንጹሕ ነው ብሎ መሄድ እንደማይችል ነገራት።

ጋሽ ቀለሃን በወንበር ተሸክመው ሲያወጡት መካኖቹም ሁሉ እንደ ድንች እየተወረወሩ ካሚዮን ላይ ይጫኑ ነበር። የክፍሉ ወለል ተነቀለ፣ ጓሮው ተቆፈረ። አምካኞቹ ሲቆፍሩ ከረሙ፤ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ በቀር ያገኙት የለም።

ባልና ሚስቱ የሚስቲቱ እህት ቤት ተጠጉ። አንድ ከሰዓት ሚስቱ ሾርባ ይዛ ፊቱ ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ያንን ሣጥን ወለል በጠረግሁ ቁጥር በእግሬ ነበር የምገፋው» አለችው። «ለምን አልነገርከኝም?»

የሚመልሰው ሞልቶታል። ፈራሁሽ፣ ስስት ነው፣ ነገ እነግርሻለሁ እያልሁ ነው። አፉን ከፈተ፤ የምትወጣው የትኛዋ እንደሆነች ስለሚያውቅ መልሶ ዘጋው።

እሷ እንደማይመልስ እያወቀች ጠበቀችው። ሾርባው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ማንኪያውን አነሳችና፣ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለች ታጎርሰው ጀመር።