የአያ ፍሥሐ ጀርባ

አያ ፍሥሐ በጠዋት ደጄ ድረስ መጥቶ፣ እንዴት አደርህ እንኳ ሳይለኝ ጀርባውን ሰጠኝ።

ሰኞ ዕለት አህያዬ አጥሩን ስለገፋች የተቀየመኝ መሰለኝ። «አህያ ናት እኮ! በአህያ እንኳረፍ?» አልሁት።

«የምን አህያ ነው የምታወራው? አንብበው!»

ሸሚዙን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከትከሻ እስከ ትከሻ ጥቁር የፈረንጅ ፊደል ተጋድሞበታል።

ጣሊያን ከገባ ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ገበያው አቡጀዲ አጥቷል፣ እኛም ጉልበት። ሚስቱ የብርጓል ደግሞ ድሮም ቢሆን ምንም ነገር አትጥልም። ሸሚዙን የሰፋችለት ከፉርኖ ዱቄት ከረጢት ነው። የከረጢቱን ስፌት ስትፈታ የወጣውን ክር እንኳ ገምዳ ለኩራዝ አድርጋዋለች። እስካሁን ፊደሉን ጋቢው ይሸፍንለት ነበር። ሰሞኑን ጋቢውን ለሁለት ቀዳ ልጆቿን አለበሰችበት፤ የባሏ ጀርባም ገበያ ወጣ።

«አንሙት ልኮብኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አንሙት ዱር የገባው የሚስቱ ወንድም ነው። «የጣሊያንን ማኅተም ለብሶ የሚዞር ባንዳ ነው፣ አማችም ቢሆን አልምረውም፣ ቅዳሜ ገበያ መጥቼ አየዋለሁ ብሏል።»

«አውልቀህ ጣለው እንጂ!»

«ጥዬ በዚህ ብርድ ምን ልልበስ? ደግሞስ የብርጓልን ጣይ የሚላት ማን ነው?»

እኔ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ሰፈሩ ወረቀት ሲያገኝ ወደ እኔ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ያ ፊደል ግን ከላይም ከታችም ባየው አልናገር አለኝ። ገልብጦ እንዳይለብሰው ቀለሙ ወዲያ ዘልቋል። በእንዶድ አጠብነው፣ በአመድ ፈተግነው። ጨርቁ ነጣ፣ ፊደሉም ይበልጥ ጎላ። የብርጓል እራፊ ልትጥፍበት ብላ የከረጢቱን ትራፊ አወጣች፤ እሱም ላይ ፊደል አለ። ሦስታችንም ቁጭ ብለን ተያየን። መሳቅም ጉልበት ይጠይቃል።

የቀረን ሙነወር ብቻ ነበር። ከረጢቱን የሸጠላት እሱ ነው፤ ምጽዋ ድረስ ነግዶ የጣሊያንኛ ፊደል ለይቷል። ግን ሉማሜ ሄዶ ስለነበር እስከ ቅዳሜ ጠበቅነው። አያ ፍሥሐ በእነዚያ ቀናት ከቤት አልወጣም። እህልም አልበላ አለው፤ ሲሰፋ ልኩ የነበረው ሸሚዝ ቅዳሜ ሲደርስ ሰፋው።

የሙነወር ሱቅ እንደ የብርጓል ቤት ነው። የሳልሳው ቆርቆሮ ኩራዝ ሆኖ ይሸጣል፤ ሣጥኑ ፈርሶ መደርደሪያ ሆኗል፤ ሚስማሩም ተቃንቶ ተራውን ይጠብቃል። የሚጣል ነገር ስለማይወጣው ውሾች ደጁን ከተዉት ቆይተዋል።

ገና ከመግባታችን አንድ አህያ ነጂ ተከትሎን ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። አንሙት ነበር። ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ነው።

«ዙር» አለው አማቹን።

አያ ፍሥሐ ዞረ።

«ሙነወር፣ አንብብልን፤ አደራህን» አልሁ።

ሙነወር ጣቱን ጀርባው ላይ እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አያ ፍሥሐ፣ «ኧረ ቶሎ በል፣ ወንድሜ!» አለ።

«ማኅተምም አይደለም፣ ሹመትም አይደለም» አለ ሙነወር። «ባዶው ከረጢት ይመለስ ነው የሚለው።»

«ብቻ?» አለ አንሙት።

«ወላሂ፣ ይኸው ነው! እነሱም እንደ እኛው ቆጣቢ ናቸው።»

አንሙት እጁን ቀስ ብሎ ከጋቢው ሥር አወጣ። ባዶ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ መጥቶ ዝም ብሎ መመለሱ ሳይከነክነው አልቀረም፤ አማቹን ከላይ እስከ ታች አየው።

«እሺ፣ ይመለስ ካሉ ለምን አትመልስላቸውም?»

አያ ፍሥሐ የሰፋውን ሸሚዝ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ።

«ባዶውን ነዋ ያሉት» አለ። «እኔ ገና አላለቅሁም።»