ጋሼ ጠሃ ያዘዙት ባሕር

ሸዋገነት የብሩሿን ጫፍ በምላሷ አሹላ ከቀለሙ ነካ አደረገችና የቀረችውን ነጭ ነጥብ ደፈነቻት። ዐሥራ አንድ ነበሩ፤ አንዷም ከጤፍ አትበልጥም። ፎቶው ግን ትሪ ያህላል፦ ከዳር እስከ ዳር የጠቆረ ውሃ፣ ከታች በኩል የጀልባ ጠርዝ። ባሕር አይታ አታውቅም። አቧራን ግን ታውቀዋለች። አንዋር መስጊድ አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈቱ ጀምሮ ባሏ አገኘሁ ፎቶ ያጥባል፤ እሷ ደግሞ አቧራ የሚተወውን ነጭ ነጥብ እየለቀመች ትደፍናለች። የሙሽራ ጉንጭ ላይም ይሁን የዲያቆን ካባ ላይ፣ ነጭ ነጥብ ካየች እጇ አያርፍም።

አገኘሁ ከምጽዋ የተመለሰው ትናንት ነው። ለሥራ ሲሄድ ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ጠሃ «የአገሬን ባሕር አንሳልኝ» ብለውት ነበር። ጋሼ ጠሃ ዳህላክ ደሴት ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን ከመርካቶ አልወጡም። ዛሬ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ፎቶውን ሊወስዱ ቀጠሮ ይዘዋል።

አገኘሁ ዐይኑን እያሻሸ ከጓዳ ወጣ።

«አቧራህን በሙሉ አጠፋሁልህ» አለችው። «የምጽዋን መንገድ ተሸክመህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

ፎቶውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ከዳር እስከ ዳር በዐይኑ ፈተሸው።

«ምነው?»

«ሸዌ፣ ወፎቹስ?»

«የምን ወፍ?»

«ወገቤን ከጀልባው ምሰሶ ጋር አስሬ ሠላሳ ስድስት ጊዜ አነሳሁ። አንዱ ላይ ክንፍ ብቻ፣ አንዱ ላይ ጅራት ብቻ። ሲበሩ የያዝኳቸው እዚህ ላይ ነበር። ጋሼ ጠሃ እኮ የናፈቃቸው ወፎቹ ናቸው።»

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። «በል ድጋሚ እጠበው!»

«ትልቁ ወረቀት አልቋል።» ፊቷን አየና ድምፁን አለሳለሰ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ወፍ አምጣ ብባል ጤፍ ይዤ የመጣሁ። ትንሽ ቀረብ ብል ኖሮ…»

«በውሃው ላይ ተራምደህ?» አለች፤ ሳቋና እንባዋ አብረው መጡ።

ወዲያው የጋሼ ጠሃ ምርኩዝ ደጃፉን ቆረቆረ።

«ጋሼ፣ ፎቶው ገና…» ብሎ አገኘሁ ሲጀምር ሸዋገነት አቋረጠችው።

«አልቋል ጋሼ። ወፎችዎን ግን እኔ አጠፋኋቸው። አቧራ መስለውኝ ነው።»

ሽማግሌው ፎቶውን ተቀብለው አዩትና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «እናቴም የአባቴ ጀልባ ላይ የወጣች ቀን ‹እነዚህን ዝንቦች አባርልኝ› ብላዋለች። ግድ የለም ልጄ፣ ውሃው ይበቃኛል።»

አፋቸው እንዲህ አለ እንጂ አውራ ጣታቸው ከጀልባው ጠርዝ በላይ ያለውን ባዶ ውሃ ይዳስስ ነበር። ሸዋገነት ያን ጣት አየች። ነጭ ነጥብ በቀለም ይደፈናል፤ ጥቁር ነጥብ ደግሞ በምላጭ ተፍቆ የወረቀቱ ንጣት እንዲወጣ ይደረጋል። ከቆርቆሮ ሣጥኗ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ምላጭ አወጣች።

«ይቀመጡ ጋሼ። እንዴት ነው የሚበሩት?»

ጋሼ ጠሃ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና ክንዳቸውን አነሱ። «ክንፋቸው ልክ እንደ ክርኔ መሐል ላይ ይታጠፋል። ፊታቸው ወደ ነፋሱ ነው። ጀልባውን ይከተሉታል እንጂ አይቀድሙትም።»

አገኘሁ ኔጋቲቩን ወደ ብርሃን አንስቶ ቦታቸውን ይመራት ጀመር። «ሁለት ጣት ወደ ላይ። በስተቀኝ። ኧረ የለም፣ ገልብጬ ይዤው ነው፣ በስተግራ!»

እስትንፋሷን ይዛ የመጀመሪያዋን ፋቀች።

«ይቺማ ጠግባለች» አሉ ጋሼ ጠሃ። «እህል በረንዳ የከረመች እርግብ ናት። ክንፏን አቅጥኚላት።»

ጠርዟን በብሩሽ ነካ አድርጋ አቀጠነችላት። ሁለተኛዋን «እሷ ናት!» አሏት፤ ከአምስተኛዋ በኋላ መናገራቸውን ትተው ምላጩን በዐይናቸው ይከተሉ ጀመር። ክንዳቸው ግን እንደታጠፈ፣ እንደተነሳ ቀረ።

ዐሥራ አንደኛዋ ከሁሉም ወደ ኋላ የቀረች ነበረች። ሸዋገነት የሽማግሌውን ክርን ቀና ብላ አየችና ልክ እንደሱ አጠፈቻት። ፍቅፋቂውን እፍ አለችው። ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው፤ ምላጩንም በወረቀቱ ጠቅልላ ወደ ቆርቆሮው መልሳ ከደነችው።