የክሊንጋማኖች ማማ

አርዲስ ክሊንጋማን ሰባ ሦስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ከሰው አንድም ነገር ጠይቃ አታውቅም። በአሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ባለችው በሃለር ክሪክ ይህ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ ሁሉም እንደዚያው ነው። ቤቱ በእሳት የተያያዘበት ሰው እንኳ ለጎረቤቱ ሲደውል መጀመሪያ ስለ በቆሎው፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበቱ ሕመም ይጠይቅና፣ «እንግዲህ ሥራ ካልያዝክ፣ ባልዲም ካለህ…» ብሎ ይጀምራል።

የምትኖርበትን ቤት ያሠራው ቅድመ አያቷ ጆሳያ ነው። የኖራ ነጋዴ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት እጁ ሞላ ሲል የጣልያን ቤት አማረው። ጣልያንን አይቶ አያውቅም። የቀጠረው አናጢም ከከብት ጋጣ በቀር ሠርቶ አያውቅም። ሁለቱ አንድ የንድፍ መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን በሥዕሉ ላይ እያስኬዱ፣ ያልገባቸውን እየዘለሉ ሠሩት።

ያም ሆኖ አማረላቸው። ጣሪያው ዝቅ ብሎ ከግድግዳው ክንድ ተኩል ወጣ ይላል። ከክፈፉ ሥር የተጠረቡ ደጋፊ እንጨቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ የሚደግፉት ነገር የለም፣ እንደ ሠርግ ሚዜ ለግርማ የቆሙ ናቸው። መስኮቶቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ አናታቸው ቅስት፣ ከቅስቱም በላይ አንድ ነገር የገረመው ሰው የመሰለ ወፍራም ቅንድብ አለ። ግድግዳው እንጨት ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ስለተበተነበት ግን ከመንገድ ማዶ ለሚያይ ድንጋይ ይመስላል። በሃለር ክሪክ የሰው ቤት ግድግዳ ቀርቦ መዳሰስ ነውር ስለሆነ፣ ቤቱ ድንጋይ እንደሆነ መቶ ሠላሳ ዓመት ኖረ።

ከጣሪያው መሐል ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነች፣ በየወገኗ ጥንድ መስኮት ያላት ማማ ነበረች። ሐምሌ ላይ መስኮቶቿ ሲከፈቱ የቤቱ ሙቀት ሁሉ በደረጃው ሽቅብ ይወጣና ታች ያለው ሰው ቀዝቀዝ ይለዋል። አርዲስ ልጅ ሳለች እዚያ ተቀምጣ አገሩን እያየች ታነብ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ማማዋ ታፈስስ ጀመር። አያቷ ኤሞስ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው ነበርና በገመድና በፈረስ አወረዳት፤ ለጎረቤቱ ለሮርባክ በሁለት የአሳማ ግልገል ለወጣት፤ የጣሪያውን ቀዳዳም በጣውላና በሬንጅ ደፈነው። እንግዳ ሲጠይቅ ግን «መብረቅ መታት» ይባላል።

መብረቅ የመታት ማማ ከአርዲስ መኝታ ቤት መስኮት ሰማንያ እርምጃ ርቃ፣ ከሮርባኮች ጓሮ ቆማ፣ ስልሳ ሁለት ዓመት ዶሮ ታሳድራለች። ከተማው ሁሉ ያያታል። ከተማው ሁሉ ስለ መብረቁ ሲወራ ራሱን በሐዘን ይነቀንቃል።

በዚያ በጋ አርዲስ ጣሪያውን ለማሳደስ ላይል ዳቸር የተባለውን አናጢ አስመጣች። ላይል ሰኞ ዕለት ሬንጁን ሲልጥ ቀዳዳውን አገኘው። ጠራት፤ መሰላል ወጥታ አየች። አራት ወፋፍራም አግዳሚዎች፣ በአራቱም ማዕዘን የምሰሶ እግር መክተቻ ጉድጓድ፣ ትናንት የተፈለፈለ ይመስላል።

«ሚስ ክሊንጋማን፣ ይሄ አልሞተም» አላት። «የሚቀመጥበት ቢገኝ ዛሬውኑ ይቀበላል። ግን ቅዳሜ ዝናብ አለ። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ፤ ቆርቆሮው እንዲተኛ እነዚህን አግዳሚዎች መቁረጥ አለብኝ። ከዚያ ወዲያ ማማ የሚባል ነገር የለም።»

«መብረቅ መታት» አለች አርዲስ፣ ከልማድ።

«ሰምቻለሁ» አለ ላይል፣ የሮርባክን ጓሮ እያየ። «ጨዋ መብረቅ ነው። መስታወቷን እንኳ አልሰበረም።»

አርዲስ ሁለት ቀን አሰበች። ማማዋን ትፈልጋታለች፤ ይህን ለራሷም ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ መጠየቅ ግን እንዴት ይቻላል? ረቡዕ ዕለት ቼሪ የተባለው ፍሬ የሞላበት ፓይ ጋገረችና ተሻገረች።

ዌንደል ሮርባክ በረንዳው ላይ አተር ይፈለፍል ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያወራው ከዶሮቹ ጋር ነው፤ ዶሮቹም ከከተማው ሰው ይልቅ ቶሎ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ።

«ይሞቃል» አለች አርዲስ።

«ይሞቃል። በቆሎው ግን ይወደዋል።»

«ጉልበትህስ?»

«ግራው ደህና ነው። ቀኙ ቅዳሜ ይዘንባል ይላል።»

«ቼሪው ዘንድሮ በዝቶብኝ ነው። ካልተበላም ጣለው።»

«ኧረ ምን አስቸገረሽ!»

ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ ተቀበላት፤ ደንቡ ነው።  አንዲት አሮጊት ዶሮ በማማዋ ቅስት መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ እንደ ባለርስት እመቤት ሁለቱን ትመለከታለች። ክፈፉ ገና በጸደይ የተቀባ ነጭ ነው።

«የዶሮ ቤትህ» አለች አርዲስ። በሕይወቷ እንዲህ ደፍራ አታውቅም። «አርጅቷል እንግዲህ።»

ዌንደል እጁ ላይ ያለውን አተር ያዘው። «አርጅቷል» አለ።

«ከመኝታ ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።»

«እሱን ታዪዋለሽ፤ አዎ።»

«እና እዚያ መቆሙን ሳስበው…» ብላ የቀረውን ዌንደል እንዲጨርሰው ተወችለት።

ዌንደል ፊቱ ቀላ። «ገባኝ፣ አርዲስ። በደንብ ገባኝ። ከመናገርሽ በፊት ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

አርዲስ እግሯ መሬት ሳይነካ ወደ ቤቷ ተመለሰች። «ነገርኩት» አለችው ለላይል።

«ምን አሉት?»

«አርጅቷል አልኩት።»

ላይል ኮፍያውን ከፍ አደረገላት። የዚያው አገር ልጅ ነውና ከዚህ በላይ ምን ሊባል እንደሚችል እሱም አልታየውም።

ሐሙስ ምንም ሳይሆን አለፈ። ዐርብ ጠዋት አርዲስ ፀጉሯን ስታበጥር ከደረቅ እንጨት የሚነቀል ሚስማር ሲጮኽ ሰማች። መስኮቱ ጋ ደረሰች። ዶሮቹ በሣጥን በሣጥን ሆነው ሣሩ ላይ ተደርድረዋል። ዌንደል በእጁ የሚስማር መንቀያ ብረት ይዟል፤ አንዱን የተጠረበ ደጋፊ እንጨት ነቅሎ መሬት ላይ ጥሎታል፤ ሁለተኛው ሥር ብረቱን ሰክቷል። ከጎኑ መዶሻና መጥረቢያ አለ። ሰውየው የገባው ነገር በቅጽበት ገባት። ለዓይኗ የሚያስጠላትን ሊያነሣላት ነው።

መስኮቱን ወደ ላይ ገፋችው።

«ዌንደል ሮርባክ! እጅህን ከላይዋ አንሣ! የኔ ናት! ማማዬ ናት፣ መልስልኝ!»

ሃለር ክሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዐውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው በቀር ተሰምቶ አያውቅም። ሁለት በር ተከፈተ። አንድ ውሻ መጮኹን አቋረጠ። አርዲስ በቤት ጫማዋ፣ ግማሽ ፀጉሯ ተበጥሮ ግማሹ ቆሞ፣ የበቆሎውን መደብ እየረገጠች ደረሰች።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ያስጠላኛል ያልሺው?» አለ ዌንደል።

«መቼ አልኩ?»

«አርጅቷል አልሽ! ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ አልሽ! ሰው ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይሳደባል?»

«እየለመንኩህ ነበር እኮ!»

«እሱ ልመና ነው?» ብረቱን ጣለው። «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። አባቴ ሲሞት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ክሊንጋማኖች አንድ ቀን ይጠይቁሃል፤ እንዳትበሰብስ› ነው ያለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ቀለም ቀባኋት። የተሰነጠቀ መስታወት በየመጸው ቀየርኩ። በየትኛው አገር እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚያድር ዶሮ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ለምን ‹ውሰጃት› አላልከኝም?»

«ምን ብዬ? ‹ቤትሽ ራስ የለውም› ልበልሽ? እናቴ እኮ ሰው አድርጋ ነው ያሳደገችኝ!»

 እውነቱን ነው። አርዲስም ብትሆን ለዌንደል ሸሚዙን ገልብጦ እንደለበሰ እስካሁን አልነገረችውም።

ማንም ማንንም አልጠራም። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት ወንዶች በዚያ በኩል ሲያልፉ በአጋጣሚ ቆሙ፤ የእህል መጋዘኑ ክሬንም በአጋጣሚ ሲያልፍ ነበር። ሴቶቹ ማማዋን በመፋቂያና በፍል ውሃ አጠቧት። ዌንደል የነቀለውን ደጋፊ እንጨት በገዛ እጁ መልሶ መታ፤ ማንም ሊያግዘው አልደፈረም። ዶሮቹ ወደ አርዲስ አሮጌ የሠረገላ ቤት ተዛወሩ፤ ከከተማው ሁሉ ቅር የተሰኙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ማማዋ አየር ላይ ተንጠልጥላ ጥቂት ዞረች፤ ላይል ከጣሪያው ሆኖ «ግራ፣ ግራ፣ ትንሽ ግራ» አለ። አራቱም እግሮቿ ጉድጓዳቸውን አግኝተው ቁጭ አሉ። ያ የከብት ጋጣ አናጢ ጣልያንን አያውቅ ይሆናል፤ ልኬት ግን ያውቅ ነበር። በጉባኤው መሐል አንድ ሽማግሌ «መብረቁ መለሳት» አለ። ማንም አልሳቀም፤ አንዳንዱ ግን ፊቱን ወደ በቆሎው አዞረ።

አመሻሽ ላይ አርዲስ ወጣች፤ ዌንደልም የተጣበቀ መስኮት ካለ ብሎ ተከተላት። ስምንቱን መስኮቶች ከፈቱ። ሙቀቱ ከሥር ሽቅብ መጥቶ ፀጉሯን አነሣው፤ ታች የሳሎኑ መጋረጃ ወደ ውስጥ ሲሳብ ተሰማ። ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ከወንዙ ወዲያ ደመናው መክበድ ጀምሯል። አርዲስ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ያቆመችውን ከዚያው ቀጠለች፤ አገሩን አየች።

«ዌንደል» አለች። «ጋረድከኝ። ወዲያ በል።»

ዌንደል ደነገጠ፤ ወዲያም አለ። ቅር እንዳልተሰኘ ሲያውቅ ራሱም ተገረመ።

«ሌላስ የምትፈልጊው አለ?» አላት።

አርዲስ አሰበች። «አለ» አለች።

ዌንደል ዝርዝሩ ረጅም እንደሆነ ስለገባው ኮፍያውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።